የእንግሊዝኛ ብድርና የእኔ ብስጭት

ወይ ጉድ! እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ እያሉ ዕድሜያችንን ሙሉ ያንገላቱን ሰዎች፣ ለካ ጓዛቸው ውስጥ የሸሸጉት የጀርመን ዕቃ ስንት ኖሯል!

ልጄ «የልጅ ልጅህ ኬጂ ገባ» አለችኝ። መዋዕለ ሕፃናት ማለት ምላስ ይሰብራል? ኬጂ ምንድን ነው ብላት «ኪንደርጋርተን ነዋ፤ እንግሊዝኛ ነው አባባ» አትለኝም! የምን እንግሊዝኛ! ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1840 ያወጣው ፍሪድሪሽ ፍሮበል የሚባል ጀርመናዊ መምህር ነው። የልጆች የአትክልት ቦታ ማለቱ ነበር። ለወሬ አላለውም ደግሞ፤ ለየልጁ መደብ እየሰጠ አፈር ያስቆፍር፣ ዘር ያስዘራ ነበር። የእኛውን ግቢ ሄጄ አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ። ግድግዳው ላይ ፈገግ ያለች የሱፍ አበባ ሥለዋል፤ ክፍያው ግን የቡና ማሳ ይገዛል።

የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ፈጣሪን የሚያስክድ ሶሻሊስትነት ነው ብሎ ኪንደርጋርተንን አገደው። የአራት ዓመት ሕፃን ሶሻሊስት! በ1856 ማርጋሬተ ሹርትስ ዊስኮንሲን ውስጥ፣ ዋተርታውን ላይ፣ በጀርመንኛ የሚያስተምር ከፈተች። አሜሪካኖቹም ትምህርቱን ከነስሙ ወሰዱት።

መውሰዱስ ይሁን፤ የሚያናድደኝ ኩርፊያቸው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር ሲጣሉ ሳወርክራውት ማለት ነውር ሆነና ያንን የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን «የነፃነት ጎመን» አሉት። ጎመኑ ያው፣ ሽታው ያው! ጦርነቱ ሲያበቃ የድሮ ስሙ ተመለሰ። ሃምበርገርንማ ተዉት። ጎረቤቴ «ሃም» የምትለዋን ሰምተው የአሳማ ነው ብለው አይቀምሱም፤ ሃምቡርግ የከተማ ስም ነው ብላቸው መች ሰምተውኝ።

ዶላሩስ ቢሆን? ቦሄሚያ ውስጥ ዮአኪምስታል በሚባል ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ ይመታ የነበረው የብር ገንዘብ ታለር ተባለ፤ ታለር በደች አፍ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ሲገባ ዶላር ሆነ። አያቶቻችን አሞሌ የገዙበት ማርትሬዛም ታለር ነው። ስሟን ያወረሰችው እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ 1780 እየተጻፈበት ይመታ ነበር። እና ዶላርና ማርትሬዛ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው! ባለፈው ከውጭ የተላከልኝን ዶላር ልመነዝር ባንክ ተሰልፌ፣ ይህን ዝምድና ለገንዘብ ከፋዩ ዘርዝሬ «በዘመድ ዋጋ አስበው» ብለው፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል «ቀጣይ ተረኛ!» አለ።