«ለወንበር!» ላልከኝ ወዳጄ

ኢየሩሳሌም ተሳልሞ የተመለሰ ሰው ከጎልጎታ በፊት ጠቡን ያወራልናል። «መነኮሳት በወንበር ተደባደቡ!»

አዎ፣ ተደባድበዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በሐምሌ ሙቀት፣ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ገዳም አንድ ግብፃዊ መነኩሴ ወንበሩን ከተስማሙበት ቦታ ወደ ጥላው ሳብ አደረገ። የኛዎቹ አባቶች ድንበር ተገፋ አሉ። 11 ሰው ሆስፒታል ገባ።

«ለወንበር!» ትላለህ። በአንድ ክንድ መሬት ከወንድሙ ጋር ፍርድ ቤት ሲመላለስ ያረጀ አጎት የሌለው ይሳቅ። አንተ አለህ፤ እኔም አለኝ።

ደግሞስ እዚያ ወንበር ወንበር ብቻ ነው? በጎልጎታ ሕግ ደረጃውን የጠረገ፣ ግድግዳውን የጠገነ ባለቤት ነኝ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ ገብቶ የኛን መነኮሳት ፈጀ፤ መጻሕፍቱም ተቃጠሉ። ሰነዱ አመድ የሆነበት ሰው በምን ይመስክር? ተቀምጦ ነው የሚመሰክረው! በፀሐይም በብርድም፣ በዚያች ጠባብ የጭቃ ጎጆ።

«ለምን ታዲያ እዚያው ከተማ ወዳለው ኢትዮጵያ ጎዳና አይሄዱም?» ደግ ብለሃል። እዚያ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አስጀምረውት በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 እ.ኤ.አ. ያለቀው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ፤ ክብ፣ ሰፊ ግቢ፣ ማንም የኔ ነው የማይለን። ግን ከጣሪያው በለቀቁ ማግስት ደጁ ይዘጋባቸዋል። ለሌለ ሰው ቦታ የሚጠብቅ የለም።

«እንግዲያ ክፉዎቹ ግብፆቹ ናቸዋ!» ቀስ በል። እ.ኤ.አ. በ1970 የትንሣኤ ሌሊት፣ ግብፆቹ ለጸሎት በወረዱበት፣ የዴር ሡልጣን ሁለት ጸሎት ቤቶች መዝጊያ ቁልፍ ተለወጠ፤ አዲሱ ቁልፍ ለኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለግብፆቹ ይመለስ አለ፤ መንግሥት ግን አላስፈጸመውም። ዴር ሡልጣን የአባቶቻችን ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ጸሎት ላይ ሳለ ቁልፉን መለወጥን ግን አላመሰግንም፤ በኛ ላይ ቢደረግ ስንት ዓመት እናለቅስ ነበር!

«በአንድ እምነት እያሉ ምን አጣላቸው?» አንድ መሆናቸው ነዋ! ባዳ ቢያስቀይምህ መንገድ ትቀይራለህ። ዘመድህ ሲያስቀይምህ ግን በሠርጉም በለቅሶውም ታገኘዋለህ፤ ቂሙም አብሮህ ይበላል። ቁልፍን ካነሳን፣ የትልቁን የጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቁልፍ ለዘመናት የያዙት ሁለት ሙስሊም ቤተሰቦች ናቸው፤ አንዱ ቁልፉን ይጠብቃል፣ ሌላው ይከፍታል። «ያሳፍራል» ይሉኛል። እኔን አያሳፍረኝም። ወንድማማቾች ሲጣሉ ጎረቤት አደራ ሲይዝላቸው ያደግንበት ነገር ነው፤ እነዚያ ቤተሰቦች ደግሞ አደራቸውን አልበሉም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጣሪያው እየፈረሰ ጥገናው ጠብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤል መንግሥት ሊጠግን ሲገባ ግብፃውያኑ መነኮሳት ተቃወሙ፤ ፖሊስም ጎትቶ አነሳቸው። ሽማግሌ መነኩሴ መሬት ለመሬት ሲጎተት፣ ግብፃዊም ይሁን የኛ፣ ደስ ያለው ሰው ካለ ከኔ ጋር ቡና አይጠጣ።

«አይታረቁም፣ ተወው» አልከኝ። እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳሳችን ከግብፅ ነበር የሚመጣው። ያንን ሁሉ በረሃ አቋርጠው መልእክተኛ የተላላኩ ሰዎች፣ ዛሬ ወንበር የት ይቀመጥ ብለው ለመነጋገር አንድ ግድግዳ ይከብዳቸዋል?