አልታወቀም

ከአማርኛ ቃላት ሁሉ እንደ «እንትን» ባለውለታዬ የለም። ሲፈልግ ስም፣ ሲፈልግ ግስ ይሆናል፤ ሰው ሲሆን ደግሞ «እንትና» ይባላል። «እስቲ እንትኑን እንትን አድርጊልኝ» ስላት ባለቤቴ ጨው ታቀብለኛለች። የገባት ከንግግሬ አይደለም፤ ወጡን ስቀምስ ፊቴን አይታ ነው።

ጋራዥ ግን ፊት አያነቡም። «ምን ሆነ?» አለኝ መካኒኩ።

«እንትን ይላል።»

«ሲነሳ ነው ወይስ ፍሬን ሲያዝ?»

«አንዳንዴ ነው።»

«ከፊት ነው ከኋላ?»

«እንጃ፣ ከሥር መሰለኝ።»

እጁን በጨርቅ ጠራረገና ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየት አደረገ። «እሺ ጋሼ፣ እንትኑ ይቀየራል» አለ። በራሴ ቋንቋ ስለመለሰልኝ የምከራከርበት አፍ አጣሁ። የተቀየረው የፍሬን ሸራ ይሁን ካንዴላ ዛሬም አላውቅም። ሒሳቡ ግን ፍጹም ግልጽ ነበር።

ስም ስረሳ ደግሞ ሁለት የማውቃቸውን ሰዎች ፊት ለፊት አቁሜ «ተዋወቁ እንጂ!» እላለሁ። እነሱ ተጨባብጠው ስማቸውን ሲለዋወጡ እኔም አብሬ እተዋወቃለሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስማቸውን የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ይቅር አልላቸውም።

«አላውቅም» ማለት ይከብደኛል፤ ጉድለቱ የእኔ ይሆናላ! «እንጃ» ስል ግን ነገሩ ራሱ ውስብስብ ነው እንደማለት ነው። የወጣት ባልደረባዬን ጽሑፍም «ግልጽ አይደለም» ብዬ መልሼባት አውቃለሁ። ከምሳ በኋላ ዐይኔን እየጨፈንኩ ነበር ያነበብኩት። ሻይ የምታቀርብልን ልጅ አንብባው ሐሳቡን ቁልጭ አድርጋ ነገረችኝ።

ስወቀስ ወደ ሰምና ወርቅ እሸሻለሁ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባሳተመው መጽሐፉ፣ አሻሚ አነጋገር ለአማርኛ ተናጋሪው ለቀልድ፣ ለስውር ስድብ፣ ሹም ለመንቀፍና ገመናን ለመሸሸግ እንደሚያገለግል ጽፏል። ይህን ለባለቤቴ ተረኩላት። «የባለቅኔው ሰም ሲገፈፍ ወርቅ ይገኛል፤ ያንተ ሲገፈፍስ?» አለችኝ። እንጃ አልኳት።

ትልቁ ኃጢአቴ ግን ያለው እንጀራዬ በሆነው ዜና ላይ ነው። «አላወቅሁም» ውስጥ ቁጭ ብዬ የምታይ እኔ አለሁ፤ «አልታወቀም» ውስጥ የለሁም። «መንስኤው አልታወቀም» ሲባል አገር ምድሩ ፋኖስ ይዞ ወጥቶ፣ ፈልጎ ያጣው ይመስላል። እኔ ግን ስልክ እንኳ አላነሳሁም። «ማንነታቸው ያልታወቀ ግለሰቦች» ብዬ ከጻፍኳቸው ውስጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በቅጽል ስማቸው የሚጠራቸው አይጠፉም።

በቅርቡ አንድ ሕንፃ ተጀምሮ ስለቆመበት ምክንያት ስጽፍ «ባለቤቱ ማን እንደሆነ አልታወቀም» ብዬ አስገባሁ። አርታኢዬ እርሳሱን ቃሉ ላይ አሳርፎ «ያላወቀው ማነው?» አለኝ። ለካስ የባለቤቱ ስም አጥሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አርታኢዬ በየቀኑ በዚያ ያልፋል፤ እኔም አልፋለሁ።

አፈርኩ። ወንበሬ ላይ ተመለስኩና ዐረፍተ ነገሩን ሰርዤ በምትኩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ባለቤቱን ለማግኘት ያደረግነው ተደጋጋሚ ጥረት አልተሳካም።»