ባለ አራት ባዶ ወንበር

መኪና ያለው ሰው በጊዜው ያዝዛል ይባላል። ልክ ነው፤ ጠዋት አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ መጨናነቅ ይዞት ሲቆም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። አጠገቡ የቆመው ሚኒባስ ከ10 ሰው በላይ ጭኗል፤ ትክክለኛውን ቁጥር «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ረዳት ይንገረን። ባለመኪናው ግን ራሱንና አራት ባዶ ወንበር ይዞ ከሚኒባሱ ብዙም ያላነሰ አስፋልት ይዟል። መንገዱን ማን ዘጋው ሲባል ታዲያ ጣቱን ወደ ሚኒባሱ ይቀስራል። ተሳፋሪው በዚያው መጨናነቅ ውስጥ የሌሊቱን እንቅልፍ ያካክሳል፤ እሱ ፍሬንና ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ያውም በገዛ ነዳጁ።

«የክረምቱን ሰልፍ ረሳችሁት?» ይለናል። አልረሳንም፤ ዝናቡም እውነት ነው፣ ሞልቶ የሚመጣው አውቶቡስም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር እንኳ የራሱ ሐዲድ ቢኖረውም ከግፊያው አላመለጠም። ሆኖም ሰልፉ የሚረዝመው አውቶቡስ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ያለውም መንገድ አጥቶ ስለሚዘገይ ነው፤ መንገዱን የያዙት ደግሞ እነዚያ ባዶ ወንበሮች ናቸው። መኪና ስለሚያመጣው ክብርም አንከራከርም። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ከታክሲ ለወረደና ከመኪናው ለወረደ እኩል ሰላምታ አይሰጥም። ለዚያች ሰላምታ ሲባል ግን ማቆሚያ ፍለጋ ሕንፃውን መዞር ግድ ነው፤ ተሳፋሪው እስከዚያ ፈርሞ ገብቷል።