ፉርጎውን አታጥቡብኝ

እትዬ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳንቃው ላይ የቆሙትን ትናንሽ ፉርጎዎች ሲያዩ፣ «ውይ የኔ ልጅ! በስንት ብር ነው ዝገት የገዛኸው?» አሉኝ።

ዝገቱን አልገዛሁትም እትዬ። ፉርጎውን አዲስ ገዛሁ፤ ዝገቱ የእጄ ሥራ ነው።

«ጭራሽ!»

ጭራሽ አይበሉ እንጂ። ከካርቶን ሲወጣ እንደ ከረሜላ ያብረቀርቅ ነበር። ዕቃ ጭኖ የማያውቅ፣ ዝናብ ያልነካው፣ አንድ ጣቢያ እንኳ ያላደረ ፉርጎ ምኑ ፉርጎ ነው? የሙሽራ መኪና መሰለዎት? እውነተኛው የአሜሪካ የጭነት ፉርጎ ዕድሜውን የሚገፋው ሜዳ ላይ ነው። የሠራበትን ዘመን ነው የመለስኩለት።

«ቡናማ ቀለም ለቅልቀህ ነዋ!»

እሱማ የጭቃ ምርጊት ይሆናል። ዝገት ሥርዓት አለው። ቀለሙ በተላጠበት ይጀምራል፤ በሪቬቱ ዙሪያ፣ በበሩ ጠርዝ፣ በመሰላሉ እርከን። ከዚያ ዝናብ ቁልቁል ይጎትተዋል። ከጎን ወደ ጎን የተሳለ የዝገት መስመር ካዩ፣ ሠሪው ዝናብ ግድግዳ ላይ ሲወርድ አላየም ማለት ነው። ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ፉርጎ ከላይኛው ክዳኑ ነጭ ነጭ ይወርድበታል። ከሰል የሚጭነው ውስጡ ተፋፍቆ ያልቃል። ጎማውንማ ብዙ ሰው ይስተዋል፦ ፊቱ በዘይትና በአቧራ ጠቁሯል፣ ሀዲዱን የሚረግጠው ጠርዝ ግን እንደ መስታወት ያበራል፤ ሥራ ፈቶ የቆመ ካልሆነ በቀር።

ቁሳቁሱ ቀላል ነው፤ አልኮል ውስጥ ጠብ የተደረገ ጥቁር ቀለም፣ የተፈጨ ባለቀለም ጠመኔ፣ ቀጭን ብሩሽ። ከባዱ ዐይን ነው። የእውነተኛ ፉርጎ ፎቶ ፊቴ ሳላስቀምጥ ብሩሽ አላነሣም። ሁሉንም እኩል አላስረጅም፤ ትናንት ቀለም የተቀባና ጡረታው የደረሰ ጎን ለጎን ሲጎተቱ ነው ባቡር ባቡር የሚመስለው።

«ለአሻንጉሊት ቆሻሻ የሚቀባ አንተን ብቻ አየሁ» አለኝ ደግሞ አንድ ወዳጄ።

ጆን አለንን ስላላየህ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ፣ በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ «ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ» የሚባል ተራራና ገደል ያለው የባቡር ዓለም ሠርቶ፣ ሌላው ሰው ፉርጎውን ሲወለውል እሱ ጥቀርሻና ዝገት ይቀባ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ዐረፈ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ሁሉ ሥራ በእሳት ወደመ። ፎቶ አንሺ ስለነበር ሥዕሉ ተረፈልን። ያንን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«ያው የፈረንጅ ነገር ነው።»

ድሬዳዋ ሂድና የድሮውን የጅቡቲ መስመር ፉርጎ እየው! ባቡሩ እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ የቆላ ፀሐይ ቀለም እንዴት እንደምታነጣ ከዚያ የተሻለ አስተማሪ የለም። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ በ1፡87 መጠን ደግሞ ለአንድ ሜትር ሀዲድ የተሠራ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይሸጣል፣ የስዊስን የተራራ ባቡሮች የሚሠሩ የሚገዙት። በዚያ ላይ የድሬዳዋን ፉርጎ አቆማለሁ። ቃሌ ነው።

የእህቴ ልጅ መቆጣጠሪያውን ሲያይ ጣቱ አያርፍም። «ጋሼ፣ አፍጥነው በናትህ!»

አይሆንም። ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ የሚያቀናጅ ሎኮሞቲቭ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ1፡87 ሲሰላ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንዲት ክንድ ለመሄድ ሩብ ደቂቃ ይፈጅበታል።

«ቆመ እኮ! ተበላሸ?»

ሠራተኛው ወርዶ ሀዲዱን እየቀየረ ነው።

«የታለ ሠራተኛው?»

አንተ ነሃ! መቀየሪያው ድረስ የሚራመድበትን ጊዜ ቁጠርለት። ፉርጎው ሲያያዝ የአየር ቱቦው እስኪገጠምና ፍሬኑ አየር እስኪሞላ ጠብቅ። ፉርጎ ትተህ ስትሄድ የእጅ ፍሬኑ ተጠምዟል በል። ይህን ያልጠበቀ የሚነዳው ባቡር ሳይሆን የሚሽከረከር ዕቃ ነው።

ወዳጄ አሁንም አልተኛልኝም። «ሁለት ሜትር በማትሞላ ሳንቃ፣ ስምንት ፉርጎ! በአሥር ደቂቃ አይሰለችህም?»

እንግሊዛዊው አለን ራይት «ኢንግልኑክ» ብሎ የሠራው እንቆቅልሽ ነው። ሦስት ሀዲድ፦ አንዱ አምስት ፉርጎ ይይዛል፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት። መመላለሻው ሀዲድ ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል። ከስምንቱ አምስቱን በዕጣ ታወጣለህ፤ ዕጣው በወጣበት ቅደም ተከተል ታሰልፋቸዋለህ። አሰላለፉ 6,720 ዓይነት ነው። በቀን አንድ አንድ ብትጫወት ከ18 ዓመት በላይ ያቆይሃል። ስለ መሰልቸት ያኔ እናወራለን።

ዕጣ ስሰጠው አወጣ። ሲሚንቶው አምስተኛ መሆን አለበት፤ የቆመው ግን ከሦስተኛው ሀዲድ ጥግ፣ ከሁለት ፉርጎ ኋላ። ሳቀ። አንዱን ጎተተ፣ መለሰ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጎተተ። ቡናው ቀዘቀዘበት። እትዬ ከጀርባው ቆመው፣ «ያችን ነጭ የወረደባትን አስቀድማት እንጂ!» ይሉታል።

በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «እሺ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት... ባቡርህ የት ይደርሳል?» አለኝ።

ከሳንቃው ጫፍ እስከ ሳንቃው ጫፍ። አንተ ሲሚንቶውን አድርስ።