ያልሰነፈጠ አይገድልም

እኛ አገር መድኃኒት የሚታመነው ሲያስጨንቅ ነው። ኮሶ የተከበረው አንጀት ስለሚያላውስ ነው፤ ፌጦ የተከበረው ዓይን ስለሚያስነባ ነው። መርፌ ከእንክብል የሚበልጠውም ስለሚያም ነው። ሐኪም ቤት ደርሶ ሳይወጋ የተመለሰ ሰው «ምንም አላደረጉልኝ» ብሎ ያማርራል፤ ቁስሉ ላይ ያደረጉለት ካላንገበገበው ደግሞ «ውሃ ነው የቀቡኝ» ይላል። ይህን ያነሣሁት ወገኔን ለማማት አይደለም። ኮሮና በገባ ሰሞን በግቢያችን የሆነውን ማውራት ስለፈለግሁና ሥሩ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ መሆኑ ተነገረ። እኔ ሰፈር ስደርስ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ሕዝብ ግጥም ብሏል። «ርቀታችሁን ጠብቁ» የሚለው ማሳሰቢያ ገና አልለመደብንምና፣ ከበሽታው ለማምለጥ ትከሻ ለትከሻ ተፋግተን ቆምን። ማስክ አልቋል፤ ጓንት አልቋል፤ ሳኒታይዘር አልቋል፤ አልኮልም አልቋል። ሻጯ ልጅ ከማለቁ ይልቅ መልሱን መደጋገሙ ስለሰለቻት ሰው ገና ደረጃውን ሲረግጥ «የለም!» እያለች ትቀበል ነበር። ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሴትዮ «የራስ ምታት ክኒን ነበር የፈለግሁት» ቢሏትም «እሱም የለም» አለቻቸው።

በማግስቱ የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ሰማይ ነካ። የሳኒታይዘር ዋጋ የሚጠየቀው በሹክሹክታ ሆነ። መንግሥት ዋጋ ያስወደዱ ሱቆችን ማሸግ ጀመረ፤ በቴሌቪዥን ወረቀት የተለጠፈባቸው በሮች እናያለን። እኛ ግን የቸገረን የመታሸጋቸው ነገር አልነበረም፤ ከመታሸጋቸው በፊት ምን ይሸጡ እንደነበር ማን በነገረን እያልን ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ቧንቧና አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት አለ። አከራያችን እማማ በትልቁ ቤት፣ ጡረታ የወጡት ጋሼ በጎን፣ እኔ ደግሞ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል እንኖራለን። ትምህርት ሲቋረጥ የኬሚስትሪ ተማሪ የሆነው ታናሽ ወንድሜ ፍራሹን ይዞ መጣብኝ። ጋሼ ስለ ማንኛውም ነገር እርግጠኛ ናቸው። ወንድሜ ስለ ምንም ነገር እርግጠኛ አይደለም፤ ስንት በመቶ እንደሆነ ካልተነገረው ሻይም በእምነት አይጠጣም። የሁለቱ በአንድ ግቢ መገናኘት ከበሽታው ቀጥሎ ያለ መዓት ነበር።

ጋሼ መርካቶ እንውረድ አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳኒታይዘር ሲያሳድድ ብልህ ሰው በረኪና ይገዛል ባይ ናቸው። በዚህስ አልተሳሳቱም። በረኪና ማለት ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የተባለ ቅመም በውሃ ተበጥብጦ ነው፤ ቫይረስም ባክቴሪያም አይምርም። ችግሩ እኛ ስንደርስ የፋብሪካ ጽሑፍ ያለበት በረኪና አልነበረም። ያለው ከበርሜል እየተቀዳ በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ነው። ጋሼ የመጀመሪያውን ከፍተው አሸተቱና «ይሄ ውሃ ነው» ብለው መለሱ። ሁለተኛው ጋ ሄደው ሲያሸቱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ሳል ያዛቸው፤ ሰው ገለል ገለል አለልን። መናገር ሲችሉ «ይሄ ነው!» አሉ። ሻጩም ደንበኛው መታነቁን አይቶ ዋጋ ጨመረ።

ወንድሜ ጠርሙሱን ገና ሲያየው «ስንት በመቶ ነው?» አለ።

«በረኪና ነዋ!» አሉ ጋሼ።

«እሱማ ገብቶኛል፤ ስንት በመቶ?»

«አንተ ልጅ፣ ቅመሰውና ንገረን እንግዲህ!»

ወንድሜ ያስረዳን ጀመር። አምስት በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውሃ አርባ ዘጠኝ እጅ ቢሆን 0.1 በመቶ ይወጣዋል፤ ለጠረጴዛና ለበር እጀታ ይህ ይበቃል። በአንድ ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ዕቃው በቅድሚያ በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ቆሻሻ ካለበት በረኪናው ጉልበቱን እዚያው ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ከቀቡትም በኋላ ወዲያው አይወለወልም፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። የተበጠበጠው ደግሞ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። ፀሐይና ሙቀትም ያደክሙታል፤ ስለዚህ በመስኮት ተደርድሮ የከረመ በረኪና ሽታው ቢኖርም ጉልበቱ ላይኖር ይችላል። ሽታ ሚዛን አይደለም ነው ነገሩ።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ሲያበቁ «አንድ ማንኪያ በሊትር? ኮሮና ይስቅብናል» ብለው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄዱና ጠርሙሱን ሳይበርዙ ደፉት። ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ነጣ።

ስለ ሽታ ከተነሣ ዘንድ፣ አፍንጫን ጨርሶ መናቅም አይገባም። በፈረንጆች 1847 ቪየና ውስጥ ሰሜልቫይስ የሚባል ሐኪም፣ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በቀጥታ ወደ ወላዶች የሚሄዱትን ዶክተሮች እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አስገደዳቸው። ይህን ውሃ የመረጠው የአስከሬኑን ሽታ ከእጅ ስለሚያጠፋለት ነበር፤ ጀርም በሽታ ያመጣል የሚለው ገና ተቀባይነት አላገኘም ነበር። የእናቶቹ ሞት ወዲያው ቀነሰ። ባልደረቦቹ ግን አላመሰገኑትም፤ እጃችሁ ቆሻሻ ነው መባሉ ነው የቆጫቸው። ልዩነቱ ሰሜልቫይስ መጥፎ ሽታ የሚያጠፋውን ሲፈልግ፣ ጋሼ መጥፎ ሽታ ያለውን መፈለጋቸው ነው።

ወደ እጅ ማጽጃው ልመለስ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ሰው በባለ አምስት ሊትር ጀሪካን «ንጹሕ አልኮል» ይሸጣል ተብሎ ተነገረንና ከወንድሜ ጋር ሄድን። ሰውየው ሱቅ የለውም፤ መኪና አለው። ጀሪካኑ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ወንድሜ የተለመደውን ጥያቄ ጠየቀ። ሰውየው «መቶ በመቶ» አለ፤ ሌላ ቦታ እንደማናገኝም ጨመረልን። ይህን የሰማ ሌላ ገዢ ይደሰት ነበር። ወንድሜ ግን መቶ በመቶ ብሎ ነገር በተራ ማጣራት እንደማይገኝ፣ ቢገኝም ከሰባና ሰማንያ በመቶው እንደማይሻል ይነግረው ጀመር፤ አልኮል የተህዋሲውን ፕሮቲን ለማበላሸት ትንሽ ውሃ ያስፈልገዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት ቀመርም 96 በመቶ ኤታኖል ከትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ግሊሰሪን ጋር ተደባልቆ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተሞልቶ ወደ 80 በመቶ እንዲወርድ ነው የሚያዘው። ሰውየው እስኪጨርስ ታግሦ «ትገዛለህ አትገዛም?» አለው።

አልገዛንም። ምክንያቱ ዋጋው አልነበረም። ኤታኖል ነው የተባለው ሜታኖል ቢሆንስ? ሁለቱም ይነድዳሉ፤ በአፍንጫ ማንም አይለያቸውም፤ ሜታኖል ግን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። በዚያው ሰሞን ኢራን ውስጥ አልኮል ከኮሮና ያድናል የሚል ወሬ አምነው ሜታኖል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። እኛ አገር ለሳኒታይዘር የሚሆነው ኤታኖል ከራሳችን ሸንኮራ ይገኛል። ፊንጫና መተሐራ ስኳር ተጣርቶ ከሚተርፈው ሞላሰስ የሚያወጡት፣ ከቤንዚን ጋር ሲደባለቅ የኖረ ነው። ነገር ግን መኪና ውስጥ ያለው ጀሪካን የት ተወልዶ የት እንዳደገ ማን ይመሰክራል?

ባዶ እጃችንን መመለሳችንን ሲሰሙ ጋሼ ከአልጋቸው ሥር የአርሲ ነገሌ ዳግም አረቄ አወጡ። ማንኪያ ላይ ትንሽ ጠብ አድርገው ክብሪት ጫሩበት፤ ሰማያዊ ነበልባል ታየ። «ይህ ይነድዳል! የሚነድድ ነገር ላይ ኮሮና ምን ይሠራል?» አሉ። ወንድሜ በትሕትና «ጋሼ፣ ዳግም ቢበዛ 45 በመቶ አካባቢ ነው፤ እጅ ለማጽዳት ከ60 በላይ ያስፈልጋል» አላቸው። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «በእኛ ዘመን ትምህርት ቤት አረቄ አይናቅም ነበር» ብለው ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱ።

ዋናው ጉድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ፣ በረኪና ለብቻው ይህን ያህል ከሰነፈጠ አቼቶና ሎሚ ሲታከልበት ምን ሊሆን ነው ብለው አሰቡ። ማሰቡ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ባልዲ አስቀምጠው ደባለቁት። በረኪና አሲድ ሲያገኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ጀርመኖች በፈረንጆች 1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላቶቻቸው ምሽግ ላይ የለቀቁት ያንኑ ጋዝ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አያቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን የወረደባቸው የሰናፍጭ ጋዝ ሌላ ነው፤ ቢሆንም ዘመዱ አይከበርም። ወንድሜ ሽታው ሲደርሰው «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» እያለ ጋሼን በክንዳቸው ጎትቶ አወጣቸው። ደግነቱ ባልዲው ትንሽ፣ የመጸዳጃ ቤቱም ጣሪያ ግማሹ የተነቀለ ነበር። ያ ጣሪያ ይሠራልን እያልን እማማን ስንጨቀጭቅ ነው የከረምነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ 2012። ከአንድ ግቢ የወጡ ሰዎች በሙሉ መንገድ ዳር ቆመው ዓይናቸው ቀልቶ ይስላሉ። መንገደኛው ቆመ፤ አየን፤ ከዚያ ሮጠ። የጉሊት ሴቶች ቲማቲማቸውን ጥለው ተነሡ። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤታችን ከፎቁ ላይ ስልኩን ይዞ «8335 ልደውል ነው! ማንም እንዳይነቃነቅ!» ይላል። ወንድሜ «በረኪና ነው!» ሊለው ይሞክራል፤ ነገር ግን «በረ» ሲል ሳሉ ይቆርጠዋል። ጋሼ ደግሞ ሳላቸው በረድ ባለ ቁጥር «መድኃኒቱ ነው! እየሠራ ነው!» እያሉ ያባብሱታል። የኮሮና መጠቆሚያው ስልክ ተደወለ፤ ጠያቂዋ ከውጭ አገር የመጣ ሰው እንዳለ ስትጠይቅ ጎረቤታችን ዘወር ብሎ ጮኸብን፤ እማማ «ከየት ይመጣል፣ እኔ እንኳ ከፒያሳ ወዲያ ካለፍኩ ስንት ዘመኔ!» አሉ። በስተመጨረሻ ነገሩ በማስረዳት አለቀ። ባለሱቁ ግን ለብዙ ጊዜ ብራችንን የሚቀበለው እጁን ፌስታል ውስጥ ከትቶ ነበር።

በዚህ ሁሉ መሀል እማማ የሚያደርጉት ነገር አልተለወጠም። ከበሩ አጠገብ ከዱሮም የነበረችው የልብስ ሳሙና አለች፤ የገባ የወጣውን «እጅህን!» ይላሉ። በልጅነታቸው ገጠር ሳሙና ስላልነበረ ጋቢና ኩታ የሚታጠበው በእንዶድ እንደነበር አጫወቱን። ወንድሜ ሲሰማ ደስ አለው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 አድዋ ላይ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው በዚያው ፍሬ ምክንያት ነውና። እማማ ግን «እኛስ ስናጥብ ኖረን ቀንድ አውጣ ማን ቆጠረ» አሉ።

ሳሙና ሽታው አያስነባም፤ አይነድድም፤ ስለዚህ ማንም አላሳደደውም፤ በየሱቁ ሞልቶ ነበር። የኮሮና ቫይረስ ግን የለበሰው የስብ ቀሚስ ነው፤ ሳሙና ያንን ቀሚስ ይበጣጥሰዋል፤ ሃያ ሰከንድ ያህል በደንብ ከታሹ ቫይረሱ ይፈራርሳል፣ ውሃው ይዞት ይሄዳል። ውሃው! እኛ ሰፈር ያጣነው እሱን ነው። በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃውም ሌሊት ነው። ቧንቧው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሲያጓራ ግቢው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይነሣል፤ አራርቆ መሰለፍ ቀርቶ በቆምንበት እናንቀላፋለን። በቀን በየባንኩና በየቤተ ክርስቲያኑ በር ባለ ቧንቧ በርሜል ተተክሎ እጅ ሲያስታጥቡ፣ እኛ ሌሊት ያጠራቀምነውን በጣሳ እየመጠንን እንታጠባለን። ከተማው ስለ ሳኒታይዘር ሲጮህ ስለ ውሃ የሚጮህ መኖሩን አላስታውስም።

ብር ላይ አልኮል የሚረጭ፣ የዳቦ ፌስታል በበረኪና የሚወለውል ሰው ያኔ ብዙ ነበር። ወንድሜም ስንዴ ዱቄቴን ከነከረጢቱ አጥቦብኛል። በ2013 መጋቢት ወር ግን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ የተበከለ ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ ባጠቃላይ ከአሥር ሺህ አንድ እንደሚያንስ አስታወቀ፤ ዋናው መንገድ አብረን የምንተነፍሰው አየር ነው። እንግዲህ መርካቶ በረኪና ለመግዛት ስንጋፋ ምን እየሸመትን እንደነበር መገመት ነው።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ። እማማ ዶሮውን ሠሩ፤ ጋሼ ያንን ዳግም ይዘው ብቅ አሉ። ወንድሜ አፉን ሲከፍት ቀደሙት።

«አውቃለሁ፤ 45 ነው፤ እጅ አያጸዳም» አሉት። «ለእጅ ብዬ መሰለህ?»

ከዚያም ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩን። «እማማ፣ እኔ፣ አንተ፣ ወንድምህ፤ አራት። ሕጉ ሞልቷል። ያ ባለ ስልኩ ጎረቤት ቢመጣ የለንም በሉት።»