የአቶ ካሴት አጭር የሕይወት ታሪክ

አቶ ካሴት ከአባታቸው ከሆላንዳዊው መሐንዲስ ከሉ ኦተንስ፣ ከእናታቸው ከፊሊፕስ ኩባንያ፣ በቤልጅየሟ ሐሰልት ከተማ ተፀንሰው በነሐሴ ወር 1955 ዓ.ም. በበርሊኑ የሬዲዮ ኤግዚቢሽን ለዓለም ታዩ። አባታቸው ኪስ የሚገባ ልጅ ነበር የተመኙት። ስለዚህ እንጨት አስጠርበው በኮታቸው ኪስ እየከተቱ ቁመቱን አስቀድመው ለኩት። ለቀብር የመጣ ሰው ቢሰማው ደስ የማይለው ነገር ግን እዚህ ላይ አለ፦ እኚሁ አባት ኋላ ሲዲን ካዋለዱት ሰዎችም አንዱ ናቸው። ልጃቸውንና የልጃቸውን ገዳይ በአንድ እጅ አሳድገዋል ማለት ነው።

ሟች አዲስ አበባ ሲገቡ ወንበሩ በሸክላ ተይዞ ነበር። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅር ቴአትርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተዳፍሮ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ግን ወደ አሜሪካ ወጣ። የካይፋ ሪከርድስ አሳታሚው ዓሊ ታንጎ ሸክላውንም ካሴቱንም አስኬደው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ ትንፋሹ ሲቆም፣ ለቀጣዩ ሃያ ዓመት የአማርኛ ዘፈን አሳዳሪ አቶ ካሴት ብቻ ሆኑ።

ዘመኑም ሠምሮላቸዋል፤ ለሌላው ሰው ግን እንዲያ አልነበረም። በደርግ የሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ ክበብ ያልገባው ቤቱ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቴፑን ይከፍታል። በየሳሎኑ ሮሃ፣ ዋልያስ፣ ኢትዮ ስታር ባንዶች ይጫወታሉ። ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ አስቴር፣ ኤፍሬም፣ ንዋይ፣ ኩኩ፣ ፀሐዬ፤ እያንዳንዳቸው ከመዳፍ በማትበልጥ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ገብተዋል። አልበም የሚለውን ቃል ማንም አልፈለገውም፤ «እገሌ ካሴት አወጣ» ከተባለ በቂ ነው። ሟች ዕቃ ብቻ ሳይሆኑ የሥራውም መጠሪያ ስም ሆኑ፤ ሲዲ ከመጣ በኋላ እንኳ «ካሴቱ ወጣ ወይ?» የሚል አልጠፋም።

በዓል ሲቃረብ የሙዚቃ ቤቶች ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገዱ አዙረው አዲሱን ሥራ ይለቃሉ። የፋሲካ ዶሮ የሚገዛ ሰው ዘፈኑን ሳይገዛ በቃሉ ይዞ ይመለሳል።

ጠባያቸው ዝግ ያለ ነበር። በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ይራመዳሉ፤ የሠላሳ ደቂቃ አንድ ፊት ከ85 ሜትር የሚበልጥ ክር ነው። ያልወደዱትን ዘፈን መዝለል ይቻላል፤ ግን ወደፊት አሳልፎ በግምት ማቆም ያስፈልጋል፤ ይስታል፤ ወደኋላ ይመልሳሉ፤ አሁንም ይስታል። ሰው በዚህ ተሰላችቶ የማይወደውን ዘፈን ደጋግሞ ከመስማቱ የተነሣ ወደደው። ለገበያ የታሰበው ዘፈን ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ ምርጡ ግን የጀርባው መጨረሻ ላይ ይገኛል የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው፤ ዘፋኙ ለራሱ የዘፈነውን ማንም በማያስተውለው ቦታ ነበር የሚያስቀምጠው።

ሕመም አልለያቸውም። ቴፕ ሲበላቸው ክራቸው ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሐኪማቸው ባለስድስት ማዕዘን እስክሪብቶ ነበር። ባትሪ ሲደክም ድምፃቸው ይወፍራል፤ ባትሪው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ትንሽ ነፍስ ይዘራባቸዋል። ከዛሬዎቹ የሃምሳ ዓመት ሰዎች መካከል የአንዳንዱን ዘፋኝ ድምፅ ከነበረው ወፍራም አድርገው የሚያስታውሱ ካሉ ጥፋቱ የትዝታ ሳይሆን የባትሪ ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሟች እጀ ሰፊ ነበሩ። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉ ይቀዳቸዋል። ከጀርባቸው ያሉት ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ቢሰበሩ እንኳ ቀዳዳው ውስጥ ወረቀት ተወትፎ ሌላ ዘፈን ይጫንባቸዋል። ከዚህ ቸርነት ዘፋኙ ሰባራ ሳንቲም አላየም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ ሟች አልጋ ይዘው ነበር፤ ገልባጮቹም ወደ ሲዲ ተሻግረዋል።

ይሁንና በዚያ ያልተገራ መባዛት የተረፈ ነገር አለ። የዋልያሱ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከከበሮ ማሽንና ከኪቦርድ ጋር አጣምሮ ብቻውን አንድ ካሴት ሠርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ እየነካካ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ያገኘውን ያን ካሴት እንደገና አሳተመው፤ ባለሙያውም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። የሀገሪቱን ሙዚቃ ታሪክ የሚያውቅ መዝገብ ቤት ሳይሆን አቧራ የለበሰ የሱቅ መደርደሪያ ነው ሰውየውን የጠራው።

የሞቱበት ቀን በትክክል አይታወቅም። በአንድ ጀምበር አላረፉም፤ መጀመሪያ ከመኪና ወጡ፣ ቀጥሎ ከሳሎን፣ በመጨረሻ ከአልጋ ሥር ካርቶን ውስጥ ተኙ። ወራሻቸው ነጠላ ዜማ ነው፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፣ በአንድ ጣት ይዘለላል። ለቀስተኛውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ነጠላውን እየሰማ ቆሟል። የእነዚያ ዓመታት ካሴቶች አሁን በዩቲዩብ ይገኛሉ፤ ከዘፈኑ በፊት ግን የክሩ ሽውታ ይቀድማል፤ አንዳንዱ ላይ ዘፈኑ መሐል ተቆርጦ የሰው ሳል ይሰማል፤ አንድ ሰው በስሕተት መቅጃውን ነክቶ ነበር።

በመጨረሻ የዕድሩ ጸሐፊ እንደ ደንቡ ተነሡ። ከሟች የሚፈልግ ወይም ለሟች የሚመልስ ካለ ይናገር ሲሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ ካሴት የተዋሰ ለቀስተኛ ሁሉ መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ።