የበሬው ድርሻ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ እንደ ድልብ በሬ ጤናውን ጠብቆ የሚበላ ነዋሪ የለም። ክፍለ ከተማችን ዱቄት ፋብሪካም ከብት ማድለቢያም አለው። ስንዴው በአንድ በር ይገባና በሁለት በር ይወጣል፤ ነጩ ፉርኖ ዱቄት ወደ ዳቦ ቤት፣ ፉርሽካው በጆንያ ተጭኖ ወደ ሰንጋውና ወደ ላሟ። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ሩብ ገደማው እንዲህ ሆኖ ከሰው አፍ ያመልጣል። ያመለጠው ደግሞ ገለባ እንዳይመስላችሁ። ፋይበሩ፣ ብረቱ፣ ዚንኩ፣ ማግኒዥየሙ አብዛኛው ያለው እዚያው ቅርፊቱና ጽንሱ ላይ ነው። ለእኛ የሚተርፈን ስታርቹ ነው፤ እሱም ሆድ ገና ሳይደርስ ስኳር ለመሆን ይቸኩላል። ሐኪሙ ደም ለክቶ ፊቱን ሲያጨፈግግብን ሱፐርማርኬት እንሄድና ያንኑ ፉርሽካ፣ በሚያምር ፓኬት የታሸገውን፣ እንገዛለን። በሬው በጅምላ ያገኘውን እኛ በችርቻሮ።

ይህን ለማምለጥ ስንዴ ገዝተን ወፍጮ ቤት የምንሰለፍ ጥቂቶች አለን። የሰፈራችን ባለወፍጮ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ሰው ነው። እህሉ መውረድ ሲጀምር እጁን አፈሙዙ ሥር ይሰድና ትኩሱን ዱቄት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ያሸዋል። ሻካራ ከመሰለው ድንጋዩን ጠበቅ ያደርጋል፤ ከዚያ በሞተሩ ጩኸት ላይ እየጮኸ «ይበቃል ወይስ ይላም?» ይላል። «ይበቃል!» እላለሁ። ወረፋ የያዙት ሴቶች በአዘኔታ ያዩኛል።

ችግሩ ቤት ነው። አማቴ ወንፊታቸውን ይዘው ይጠብቁኛል።

«ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተነፋም።»

«ይሁን እማማ፣ እንዲያ ነው ለጤና የሚሻለው።»

«ጤና ያለው ሰው መች እብቅ ይበላል?»

ሲመሽ ዱቄቱ እንደ ፉርኖ ነጥቶ ይጠብቀኛል፤ ያመጣሁት ጤና ጓሮ ላሉት ዶሮዎች ተበትኗል። የግቢያችን ዶሮዎች አንዳቸውም ስኳር እንደሌለባቸው እመሰክራለሁ።

ጤፍ ላይ ግን የአማቴ ወንፊትም ሥልጣን የለውም። ሺህ ፍሬ ተቆጥሮ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ይህን ማን ይፈትገዋል? ማኛውም ሰርገኛውም ቀዩም ከነቅርፊቱ ከነጽንሱ ይፈጫል። ሳናስበው ያልተፈተገ እህል ስንበላ የኖርን ሕዝቦች ነን። ነጭና ቀይ መሆኑ የቆዳ ጉዳይ ነው፤ ግን ይህን ለከተሜ ማን ያስረዳው? ለነጭ ጤፍ ያለን ፍቅር ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ድረስ ዘልቋል። ዱከም የሚባለው ዝርያ ምርቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ እንደ ማኛ ባለመንጣቱ ገበያ ፊት ነሳው። ተመራማሪዎቹ ከማኛ ጋር አዳቀሉትና በ2006 እ.ኤ.አ. ቁንጮን አወጡ፤ ምርቱም በረከተ፣ ንጣቱም ተገኘ። ትዕግሥት ያጣ እንጀራ ሻጭ ደግሞ ማዳቀልም አያስፈልገውም፤ የተፈተገ ሩዝ ቀላቅሎ በአንድ ሌሊት ያነጣዋል።

ከእምብርት በታች ወዳለው ጉዳይ ልግባ፤ ምሳ ላይ ያላችሁ አቆዩት። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ኡጋንዳ ሲሠራ ቆይቶ የሰው ሰገራ ማስመዘን ጀመረ። በ1972 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ላንሴት መጽሔት ላይ እንዳወጣው፣ የኡጋንዳ ገጠር ሰው ከእንግሊዝ መርከበኛ እጅግ የበለጠ ያወጣል፤ ቶሎም ያወጣል። ሰውየው ሰገራው ያነሰ ሕዝብ ሆስፒታሉ ትልቅ መሆን አለበት እያለ ይቀልድ ነበር። የእኛን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቢያይ ስለ ክፍለ ከተማችን ምን እንደሚገምት አላውቅም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀጭኑ አንጀት ያልፈጨው ፋይበር ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች እንደ ሊጥ ያቦኩታል። ከሚወጣው ውስጥ ቡቲሬት የሚባለው የአንጀት ግድግዳ ሕዋሶች ዋና ቀለብ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የጥቁር አሜሪካውያንንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎችን ምግብ ለሁለት ሳምንት አቀያየረ፤ የአሜሪካውያኑ ቡቲሬት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፣ በርገር የደረሳቸው የሌሎቹ በግማሽ ወረደ። በዓለም ጤና ድርጅት ጠያቂነት ተሠርቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናት ደግሞ ፋይበር በብዛት የሚበሉ ሰዎች በልብ፣ በስኳርና በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከ15 እስከ 30 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል። ባክቴሪያዎቹ ሲያቦኩ ጋዝም ይለቃሉ፤ ያልተነፋ ዱቄት ሆድ ይነፋል። ጀማሪ ቀስ ብሎ ይጀምር፣ ውሃ ይጠጣ፣ ከቃሊቲ መናኸሪያ ታክሲ ሲሳፈርም መስኮት ጥግ ይያዝ።

የእንጀራ እርሾ ሕያው ባክቴሪያ ነው እያሉ የሚኩራሩ ወዳጆች አሉኝ። ሕያው የነበረው ምጣዱ እስኪግል ነው። እርሾው የሚጠቅመን ከዚያ በፊት ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ብረቱን አንቆ የያዘውን ፋይቴት ይሰብርልናል። ደግሞ «ጤፍ ጤና ነው» ብሎ ሦስት እንጀራ የሚያወርድ ሰው ስኳሩ ሽቅብ ቢወጣ ጤፉን አይክሰስ።

ማኛው ሲወደድብን ባለቤቴ ወደ ሰርገኛ ወረደች። ባለፈው እንግዳ መጣና ጠቆር ያለው እንጀራ ሞሰብ ላይ ገና ሳይዘረጋ «ሐኪም አዞልን ነው» አለች። እንግዶቹ በአንድ አፍ «ለእኛም ታዞልን የለ!» አሉ። አንዲት እትዬ ብቻ ጎርሰው፣ አላምጠው፣ ወደ ባለቤቴ ጠጋ አሉና፣

«ሐኪሙ ኪሎውን በስንት አዘዘላችሁ?»